ውሃው የሚቆጠረው ከተከላው ቀን ጀምሮ ነው፦ አገዳ ለሚተክል ወጣት ምክር

ልጄ፣ የአባትህን መሬት ተረክበህ ከማኅበሩ ጋር ሸንኮራ አገዳ ልትተክል መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ያለ ስጋት አይደለም። ጤፍ ቢበላሽብህ በሚቀጥለው ክረምት ታርመዋለህ። አገዳ አንዴ ከተተከለ ግን ያው ጉቶ እየተቆረጠና እያቆጠቆጠ ለዓመታት መሬትህ ላይ ይቆያል፤ በተከላው ቀን ያጎደልከውን በየምርቱ መልሶ ያሳይሃል።

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአዋሽ ዳር፣ በአገዳ መስኖ ላይ ነው። ሰው ስለ ምርት ሲያወራ ዘርና ማዳበሪያ ያነሳል። ስለ ውሃ ሲያወራ ስለ ቦዩና ስለ ፓምፑ ብቻ ይናገራል። ሁለቱን ለያይተን ማየታችን ብዙ አጉድሎብናል። አገዳው ስንት ውሃ እንደሚፈጅና ከዚያ ውሃ ስንት ኩንታል እንደሚወጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ገና ትልሙ ሲወጣ፣ ዘሩ ሲቆረጥና ረድፉ ሲለካ ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ይባል የለ? እኔም የምመክርህ በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

1. መሬቱን ሳትቆፍር ዘር አትቁረጥ

ዘር ከመያዝህ በፊት አካፋ ያዝ። ከመሬትህ ሦስት አራት ቦታ ላይ እስከ ወገብህ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍርና ግድግዳውን ተመልከት። ጥቁሩ መረሬ እስከ የት ይወርዳል? ከሥሩ አሸዋ አለ? በትራክተር ጎማ ተረግጦ የጠጠረ፣ ሥርም ውሃም የማያሳልፍ ንጣፍ አለ? ጉድጓዱን በማግስቱ ስታየው ውሃ አቅርሯል? ወንጂ ሜዳ ላይ የምናርስ ሰዎች ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ ቸል ማለት አንችልም፤ በብዙ ቦታ የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ነው።

አፈር ውሃ የመያዝ አቅሙ እጅግ ይለያያል። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋማ አፈር ተክሉ ሊጠቀምበት የሚችል ወደ 60 ሚሊ ሜትር ውሃ ሲይዝ፣ ከባድ ሸክላ ወደ 200 ሚሊ ሜትር ይይዛል። አብዛኛው የአገዳ ሥር ደግሞ ያለው በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው። እዚያች ጥልቀት ውስጥ ሸክላው 120፣ አሸዋው 36 ሚሊ ሜትር አለው ማለት ነው። ግማሹ ሲያልቅ እናጠጣለን ብንል፣ በሞቃት ወር በቀን 6 ሚሊ ሜትር የሚጠጣ አገዳ ሸክላው ላይ 10 ቀን ይቆያል፤ አሸዋው ላይ ግን 3 ቀን ብቻ። እንግዲህ ጎረቤትህ በ10 ቀን አንዴ ስላጠጣ አንተም በ10 ቀን ብታጠጣ፣ እርሱን ያበለጸገው አንተን ሊያከስርህ ይችላል።

ጠጣር ንጣፍ ካገኘህ ከተከላ በፊት ጠልቆ በሚያርስ ማረሻ አስበጥሰው። መሬቱንም አስደልድል። ጎድጓዳና ጉብታ ያለበት ማሳ ላይ የትኛውም አጠጪ ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም፤ ጉብታው እንዲጠጣ ጎድጓዳው መስጠም አለበት።

2. ዘርህ ከዘር ማሳ ይምጣ

ብዙ ሰው ለፋብሪካ ከደረሰ ማሳ ላይ ቆርጦ ይተክላል። ያረጀ አገዳ ዓይኑ ደንድኗል፣ የታችኛው አንጓው ቶሎ አይነቃም። ለዘር የሚሆነው ከ8 እስከ 10 ወር ያለው፣ በደንብ የጠጣና ማዳበሪያ ያገኘ አገዳ ነው። በተቆረጠ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አፈር ይልበስ። ቅጠሉን ስትገፍ ዓይኑን እንዳትጎዳ በእጅ ግፈፈው፤ ቢላዋውንም ከማሳ ማሳ ስትሻገር አጽዳው።

ስለ በሽታ አንድ ነገር ልብ በል። ራቱንን፣ ማለትም ከተቆረጠ ጉቶ ዳግም የሚያቆጠቁጠውን አገዳ፣ የሚያቀጭጭ በሽታ አለ፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም ግልጽ ምልክት የለውም። አገዳው ብቻ አጭርና ቀጭን ይሆናል። በቢላዋና በዘር ይተላለፋል። ክፋቱ ደግሞ ውሃ ሲያጥር ይብሳል፤ አገዳው ውሃ የሚያሳልፍባቸውን ቧንቧዎች ስለሚደፍን ትንሿን ጥማት ትልቅ ያደርጋታል። መድኃኒቱ ዘሩን ከመትከል በፊት በ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውሃ ውስጥ ለ2 ሰዓት ማቆየት ነው። ይህን አንተ በቤትህ አትችለውም። ስለዚህ ማኅበርህ በሙቅ ውሃ ከታከመ ዘር ማሳ እንዲያመጣ አጥብቀህ ጠይቅ። በበሽተኛ ዘር ላይ የሚፈስ ውሃ ከንቱ ነው።

3. ባዶ ቦታም ውሃ ይጠጣል

በእኛ እስቴቶች የተለመደው የረድፍ ርቀት 1.45 ሜትር ነው። በዚህ ርቀት አንድ ሄክታር ላይ ወደ 6,900 ሜትር ርዝመት ያለው ትልም ይወጣል። ሦስት ዓይን ያላቸውን ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ እያስነካህ ስታስተኛ፣ ዘሩ በቶን የሚቆጠር ነው። ለዚህ ነው አንዳንዱ ለመቆጠብ ብሎ ቁራጮቹን የሚያራርቃቸው። ይህ ሐሰተኛ ቁጠባ ነው። ውሃው በትልሙ ሲሄድ አገዳ ያለበትንና የሌለበትን አይመርጥም። አንድ አሥረኛው ትልም ባዶ ከሆነ፣ በየመስኖው የምትለቀው ውሃ አንድ አሥረኛ አረም ያበቅላል፤ ይህም በመጀመሪያው ምርት ብቻ ሳይሆን እስከ መጨረሻው ራቱን ድረስ ነው።

ስለዚህ ከተከልህ በአምስተኛው ሳምንት ገደማ እያንዳንዱን ትልም በእግርህ ሂድበት። ያልበቀለበትን ቦታ በችግኝ ሙላ። ቁራጭ ብትተክልበት ጎረቤቱ ቀድሞ ስለበቀለ ጥላው ይውጠዋል፤ ችግኝ ግን ይደርስበታል። ለዚህ ብለህ ከመጀመሪያው ጀምሮ በማሳው ጥግ ትንሽ መደብ ችግኝ አፍላ።

4. አንድ ዓይን፣ አንድ ችግኝ፦ የሕንዶቹ መንገድ

እ.ኤ.አ. በ2009 በሕንድ «ዘላቂ የሸንኮራ አገዳ» የተባለ አሠራር ይፋ ሆኖ ነበር። ሙሉ ቁራጭ በመቅበር ፋንታ ከግንዱ ዓይኗን ብቻ ከጥቂት ሥጋ ጋር ቆርጠው ያወጣሉ። በትሪ ላይ ያፈሏታል፤ ችግኟ አንድ ወር ገደማ ሲሞላት ወደ ማሳ ያዛውሯታል። በረድፍ መካከል 1.5 ሜትር፣ በችግኞቹ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ይተዋሉ። ሒሳቡን ብትሠራው በሄክታር ወደ 11,000 ችግኝ ነው። ዓይኑ የወጣለት የቀረው ግንድ ወደ ወፍጮ ይሄዳል፤ ዘር ተብሎ አይቀበርም።

ከውሃ አንጻር የሚበልጠው ጥቅሙ ግን አንድ ወር የሚፈጀው ብቅለት በትንሽ መደብ ላይ ማለቁ ነው። ቁራጭ ስትተክል ያንን ወር ሙሉ ሄክታሩን ታጠጣለህ፤ አብዛኛው ውሃ ከባዶ አፈር ላይ ይተናል። ችግኝ ስታፈላ ግን የምታጠጣው ጥቂት ካሬ ሜትር ነው። እያንዳንዷ ችግኝ አየርና ብርሃን ስለምታገኝም ብዙ ታቆጠቁጣለች።

ይህን ያህል ካመሰገንኩት ሁሉንም መሬትህን በእርሱ ትከል የምል መስሎህ ይሆናል። አልልም። ችግኝ በተዛወረ ቀን ውሃ ካላገኘ ይሞታል፤ የአዋሽ ሸለቆ የበጋ ነፋስ ምሕረት የለውም፤ የመስኖ ተራህም በፈለግከው ቀን አይደርስም። ውሃህ በእጅህ ከሆነ፣ ማለትም ፓምፕ ወይም ኩሬ ካለህ፣ ሞክረው። አዲስ ዝርያ ቶሎ ለማባዛትና ክፍተት ለመሙላት ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

5. የትልሙን ጥልቀት አፈሩን ጠይቀህ ወስን

ጥልቅ ትልም ውስጥ መትከል የቆየ ጥበብ ነው። አልቫሮ ሬይኖሶ የተባለ የኩባ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1862 ስለ አገዳ አመራረት ባሳተመው መጽሐፍ የተነሣ ስሙ በጥልቅ ጉድባ ለሚደረግ ተከላ መጠሪያ ሆነ። ደቾች ያንኑ በጃቫ ደሴት ሠሩበት። ወንጂን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የደች ኩባንያም የመጣው ከዚያው አካባቢ የእርሻ ልምድ ይዞ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዘሩ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቅ በሆነ ትልም ወለል ላይ ይተኛል፤ አፈር ግን የሚለብሰው በስሱ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቡቃያው ሲያድግ ከግራና ከቀኝ መደቡን እያፈረስክ ታለብሰዋለህ። ሥሩ ከታች እርጥበት ያለበት ቦታ ይጀምራል፤ ግንዱም በአፈር ስለሚደገፍ ሲከብድ አይወድቅም። የወደቀ አገዳ አይጥ ይበላዋል፣ ከጎኑ ያቆጠቁጣል፣ ስኳሩም ይቀንሳል።

የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ማሳ ግን ይህን አታድርግ። እዚያ ጥልቅ ትልም ዓይኗን ውሃ ውስጥ መንከር ነው። በመደቡ ጎን ወይም ከፍ ባለ ቦታ ትከላት። ሁለት መንታ ረድፎችን አቀራርቦ ከመንታ እስከ መንታ ሰፊ መንገድ የሚተው አተካከልም አለ፤ ይህ በጠብታ መስኖ ለሚያጠጣ ጥሩ ነው፣ አንዷ ቱቦ ሁለት ረድፍ ታጠጣለችና። በትልም ለሚያጠጣ ግን እምብዛም ጥቅም አላየሁበትም።

6. ብርድ ላይ አትትከል

የአገዳ ዓይን የሚነቃው በሙቀት ነው፤ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ሲሆን ከሁሉ ፈጥኖ ይበቅላል። አማካዩ የቀን ሙቀት ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይለግማል። ወንጂ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ስለሆነ ሌላ ነገር ነው። ብርድ ላይ የተተከለ ዘር እርጥብ አፈር ውስጥ ሳይነቃ ይከርማል፤ ግማሹ ይበሰብሳል፤ አንተም እስኪበቅል ብለህ ደጋግመህ ታጠጣለህ።

7. ለሕፃኑ በጥቂቱ፣ ለጎልማሳው በደንብ

ባለሙያዎች የሰብልን የውሃ ፍላጎት የሚለኩት ከአጭር ለምለም ሣር ጋር አነጻጽረው ነው። ሣሩ 10 ሊትር በሚጠጣበት ቀን ገና የበቀለ አገዳ የሚፈልገው 4 ሊትር ገደማ ነው። ቅጠሉ ረድፉን ሲሸፍንና አገዳው መመዘዝ ሲጀምር ግን ፍላጎቱ 12 ሊትር ተኩል ይደርሳል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሲበስል ወደ 7 ሊትር ተኩል ይመለሳል።

በእኛ ማሳዎች ላይ የማየው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ገበሬው በተከለ ሰሞን ስለሚጓጓ ሕፃኑን ያሰጥማል፤ አገዳው ከራሱ በላይ ሲሆን ደግሞ «ጠንክሯል» ብሎ ይረሳዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀለል ያለ ውሃ ቶሎ ቶሎ ስጥ፤ አፈሩ ተጋግሮ ቡቃያውን እንዳያፍነው ብቻ ጠብቅ። ቡቃያው ወጥቶ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ክፍተቱን ጥቂት ጥቂት አርዝም፤ ሥሩ ወደ ታች ይሂድ። አረሙን በዚህ ጊዜ ካላሸነፍከው በኋላ አታሸንፈውም፤ ያን የቀለለ ውሃ የሚጠጣልህ እርሱ ነው።

ምዘዛው ላይ ስትደርስ ግን አትሰስት። አገዳ በዚህ ጊዜ የተጠማበት ሳምንት አንጓው ላይ ተጽፎ ይቀራል። ሲቆረጥ ተመልከተው፤ ረጃጅም አንጓዎች መካከል ድንገት ተጠጋግተው የምታያቸው አጫጭር አንጓዎች ውሃ ያጣባቸው ቀናት ናቸው። በኋላ የቱንም ያህል ብታጠጣ እነዚያ አይረዝሙም።

8. ሳይፈንህን በሰዓት ለካ

ይህን ምክር ከሁሉ አስበልጬ እነግርሃለሁ። ከአጠጪዎቻችን ብዙዎቹ ሳይፈኑን፣ ማለትም ውሃ ከቦይ ወደ ትልም የሚያሻግረውን ቆልማማ ቱቦ፣ ተክለው ትልሙ እስኪሞላ ይሄዳሉ፤ «ይብቃው» የሚሉት በዓይን ግምት ነው። የዓይን ግምት ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ብዙ ያደላል፤ የጎደለ ማሳ ያስወቅሳል፣ የተትረፈረፈ ግን ማንንም አያስወቅስም።

ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው፤ በሄክታር 10 ሜትር ኩብ። አሁን ትልምህ 100 ሜትር ርዝመት አለው እንበል። በ1.45 ሜትር ረድፍ የሚያጠጣው ስፋት 145 ካሬ ሜትር ነው። 60 ሚሊ ሜትር መስጠት ብትፈልግ 8,700 ሊትር ያስፈልግሃል። ውስጡ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳይፈን፣ የቦዩ ውሃ ከትልሙ ውሃ በ10 ሳንቲ ሜትር ሲበልጥ፣ በሰከንድ ወደ 1.6 ሊትር ያሳልፋል። 8,700ን ለ1.6 ስታካፍል ወደ 5,400 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ተኩል ይመጣልሃል። ሦስት ሰዓት ከተውከው እጥፍ አጠጥተሃል። የቦዩ ውሃ ከፍ ብሎ ልዩነቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ደግሞ ሳይፈኑ በሰከንድ 2.3 ሊትር ስለሚያሳልፍ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በጠዋትና በቀትር ቦዩ እኩል አይሞላም፤ ስለዚህ ከፍታውን ሳታይ ሰዓቱን ብቻ አትመን።

ሳይፈንህ የሚያሳልፈውን ራስህ ለማረጋገጥ ባልዲና ሰዓት ይበቃሉ። 20 ሊትር ባልዲ በስንት ሰከንድ ይሞላል? ይኸው ነው። እርጥበቱንም በእጅህ እየው፤ ከ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር አውጥተህ ጨብጥ። ሸክላ አፈር ድቡልቡል ሆኖ፣ በጣትህ ስትጫነው እየተለጠጠ ሪባን ከሠራ ገና አለው። ከተፈረፈረ ውሃ አምጣ።

9. ስለ መሣሪያው፦ ያለህን ሳታስተካክል የሌለህን አትመኝ

የእኛ ወንጂ በትልም ነው የኖረው። መተሐራ ከሳይፈን ሌላ ሀይድሮፍሉም የሚባለውን ቀዳዳ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ ይጠቀማል። ፊንጫ ከመነሻው በስፕሪንክለር ተሠራ፤ መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ትክክል ነበር። በወንጂ ማስፋፊያ ላይ ደግሞ እንደ ሰዓት ዘንግ የሚዞረውን ሴንተር ፒቮት ታያለህ።

አንድ የአገዳ ምርት እንደየቦታው ከ1,500 እስከ 2,500 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። መካከለኛውን 2,000 ብንወስድና ሁሉንም ከመስኖ ብንሰጠው 20,000 ሜትር ኩብ በሄክታር ነው። በትልም ስናጠጣ በአማካይ ወደ 60 በመቶ ብቻ ሥሩ ጋ ይደርሳል ይባላል፤ በስፕሪንክለር 75፣ በጠብታ 90 በመቶ። እንግዲህ ያንኑ 20,000 ለማድረስ በትልም 33,000፣ በስፕሪንክለር ወደ 27,000፣ በጠብታ 22,000 ሜትር ኩብ ከወንዝ ማውጣት አለብህ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም።

ግን ጠብታ ማጣሪያ፣ ግፊትና መብራት ይፈልጋል። የአዋሽ ውሃ ደለል ይዞ ስለሚመጣ ያለ ጥሩ ማጣሪያ ቀዳዳዎቹ በአንድ ክረምት ይደፈናሉ። ስፕሪንክለር በነፋስ ቀን ውሃህን ለጎረቤት ይሰጠዋል። በሌላ በኩል ትልምህን ብትደለድል፣ ርዝመቱን ለአፈሩ ብትመጥን፣ ጫፉን ዘግተህ ሰዓት ብትይዝ፣ ያው ትልም ከ60 በመቶ ብዙ ይሻላል። መብራትም አይጠይቅህም።

ውሃ ባነሰበት ዓመት ደግሞ አንዱን ትልም እየዘለልክ አጠጣ፤ በሚቀጥለው ዙር የተዘለለውን። ሸክላ አፈር ውሃውን ወደ ጎን ስለሚስብ ረድፉ ሙሉ በሙሉ አይጠማም፤ ከአፈሩ ገጽ የሚተነው ግን ይቀንሳል። አሸዋ ላይ አትሞክረው፤ ውሃው ቁልቁል ብቻ ነው የሚሄደው።

10. የተትረፈረፈ ውሃ አይጠፋም፤ ተመልሶ ይመጣል

ልጄ፣ ከሥሩ በታች ያለፈው ውሃ የት ይሄዳል? ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ይላል። ከአንድ ሜትር በላይ ቀርቦ ሲመጣ ሥር አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል፤ ማዳበሪያውም አየር በሌለበት አፈር ውስጥ ወደ ጋዝ ተለውጦ ያመልጣል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ያየ ሰው ዩሪያ ይጨምራል፤ ሌላው ደግሞ የተጠማ መስሎት ውሃ ይጨምራል። ሁለቱም ያባብሱታል።

ከውሃው ጋር ጨው አለ። ፀሐይ ውሃውን ስትስበው ጨው መደቡ አናት ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አገዳ ጨውን ብዙ አይችልም፤ የአፈሩ ጨዋማነት 1.7 ዴሲ ሲመንስ በሜትር ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፤ 6 ሲደርስ አንድ አራተኛው ሄዷል።

ከእኛ ብዙ ሳትርቅ ሁለት ምስክር አለህ። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ይበልጣል። መንገድና የባቡር ሐዲድ አውኳል፣ የግጦሽ መሬት ወስዷል፤ ውሃውም ጨዋማ ነው። ለመስፋቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ከአካባቢው መስኖ የሚሰርገው ውሃ ነው። ወደ ታች ስትወርድ አሚባራ ላይ ጥጥ ይመረትበት የነበረ ሰፊ መሬት ጨው ወርሶት ተትቷል። ያ መሬት ያለ ማፋሰሻ ከመጠን በላይ የጠጣ መሬት ነው።

ስለዚህ የማጠጫ ቦይህን የምትጠርገውን ያህል የማፋሰሻ ቦይህንም ጥረግ። በማሳህ ጥግ ሁለት ሜትር የሚወርድ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ቅበር፤ በየወሩ በገመድ ለካው። ውሃው ከፍ እያለ ከመጣ ከሰማይ ምልክት አትጠብቅ፣ ሳይፈንህን ቀንስ።

11. ራቱኑን እንደ ትርፍ አትየው

አገዳው ከተቆረጠ በኋላ ጉቶው ያቆጠቁጣል። ዘር አይጠይቅም፣ አዲስ እርሻ አይጠይቅም፣ የብቅለቱ ወርም ያጥራል። ርካሹ አገዳ ራቱን ነው። ግን ብዙዎች በነጻ የመጣ ስለሚመስላቸው ይተዉታል፤ በዚህም ምርቱ ከዓመት ዓመት ይወርዳል። ከመሬት እኩል ተቆርጦ ካልሆነ፣ አዲሱ ቀንበጥ ከላይ ከአየር ላይ ይወጣና ሥር ሳይይዝ ይቀራል። ቆራጮችህን በዚህ ላይ አታባብል። ክፍተቱንም በችግኝ ሙላ።

ሳይቃጠል የሚቆረጥ ማሳ ካገኘህ ደረቅ ቅጠሉን አትለኩሰው። መሬቱን ሲሸፍን ትነትንና አረምን ይቀንሳል፣ ሲበሰብስ አፈር ይሆናል። በትልም የምታጠጣ ከሆነ ግን ውሃውን እንዳይገድብብህ አንዱን መተላለፊያ ቅጠል አልብሰህ በሌላኛው አጠጣ።

12. በመጨረሻው ቦዩን ዝጋ

ከመቆረጡ በፊት ስድስት፣ ስምንት ሳምንት ውሃ አቁም፤ አሸዋ ላይ ያንስ፣ ከባድ ሸክላ ላይ ከዚያም ይርዘም። አገዳው ማደጉን ሲያቆም ስኳሩን ግንዱ ውስጥ ያከማቻል፤ መሬቱም ጠንክሮ የጫኝ መኪና ጎማ ትልምህን አያበላሽም። ይህ አንድ ጠብታ ሳታወጣ ስኳር የሚጨምርልህ ብቸኛው ሥራ ነው። የመቁረጫው ቀን ሲዘገይ ግን አገዳው ይደርቃል፤ ስለዚህ ማኅበርህ ከፋብሪካው ጋር ቁርጥ ያለ ቀን ይያዝ።

13. ከታች ያሉትን አስብ

አዋሽ ባሕር አይደርስም። ከእኛ አልፎ መተሐራን፣ አሚባራን፣ ተንዳሆንና አሳይታን አጠጥቶ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። እዚህ ያባከንከው ውሃ አፋር ላይ የአንድ ከብት አርቢ መጠጥ ነው፤ ወደ ወንዙ ቢመለስ እንኳ ጨውና ማዳበሪያ ይዞ ነው የሚመለሰው። ይህን የምልህ ሕግ ስለሚያስገድድህ አይደለም። ወንዙ የጋራ ስለሆነ ነው።

14. በሄክታር ብቻ አትቁጠር

ሰው ምርቱን ሲጠየቅ «በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል» ይላል። አንተ ሌላ ቁጥር ጨምር፤ በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ስንት ኪሎ አገዳ? በደንብ የተያዘ ማሳ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ይሰጣል። በ20,000 ሜትር ኩብ 5 ኪሎ ካገኘህ 1,000 ኩንታል ነው፤ 8 ካገኘህ 1,600። ውሃው ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጡት ዘሩ፣ ክፍተቱ፣ ትልሙና ሰዓቱ ናቸው።

ለዚህ ደብተር ያዝ። የተከልክበትን ቀን፣ የዘሩን ዕድሜና ምንጭ፣ በየመስኖው የሳይፈኑን ብዛትና ሰዓት፣ የዘነበውን ዝናብ ጻፍ። ከመሬትህም አንድ አሥረኛውን ለይተህ አንድ ነገር ብቻ ለውጠህ ሞክር፤ በዚህ ዓመት ችግኝ፣ በሚቀጥለው ተከላ የተዘለለ ትልም። ሲቆረጥ ለብቻው አስመዝነው። ከዚያ ያገኘኸውን ቁጥር ለማኅበሩ ስብሰባ ይዘህ ቅረብ፤ ክፉም ቢሆን ደግም ቢሆን ሳትደብቅ አንብበው። ጎረቤቶችህም እንዲሁ እንዲያደርጉ ለምናቸው።